የኤሲው ዋጋ እንደ ከፍታው ነው

«ለሥራ ቤቴ ኤሲ ማስገጠም ስንት ይፈጃል?» በደቡብ ጎንደር ከነፋስ መውጫ ቢደወል፣ ከወገዳ ቢደወል፣ ከመካነ ኢየሱስ ቢደወል የማቀዝቀዣ ባለሙያው የሚሰማው ጥያቄ ያው ነው። መልሱ ግን ይለያያል። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ወገዳ ያለችበት የስማዳ ምድር ደግሞ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረደ ቆላ ይሆናል። መካነ ኢየሱስ ያለችበት እስቴ በአብዛኛው ወይና ደጋ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት መልሶ ይጠይቃል፦ «ጋሼ፣ ሥራ ቤቱ የት ነው? ጣራው ኮርኒስ አለው? ሙቀቱ የሚያስቸግረው በስንት ሰዓት ነው?»

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ» የሚል ነው። ጥፋተኛው ቆርቆሮው ነው ማለት ነው። በደጋው አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ይበረታል፤ በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ያርፋል። ስድስት በስምንት የሆነ ሥራ ቤት 48 ካሬ ነው፤ ከሚያርፍበት ሙቀት አንድ አሥረኛው ብቻ ወደ ውስጥ ቢዘልቅ 4.8 ኪሎ ዋት ይሆናል። በገበያ በብዛት የሚገኘው ባለ 12,000 ቢቲዩ ስፕሊት ኤሲ የሚያወጣው 3.5 ኪሎ ዋት ነው። ማሽኑ ሌላ ሥራ ሳይጨመርበት ገና ከቆርቆሮው ጋር ሲታገል ይውላል።

የመጀመሪያው ወጪ እንግዲህ ኮርኒስ ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ወጥሮ መሸፈን ርካሽ ነው፤ ሞባይል ለሚጠግን ወይም ልብስ ለሚሰፋ ይሆናል። የብየዳ ፍንጣሪ በሚዘንብበት ቤት ግን እሳት መጋበዝ ነው።

ብየዳ ቤት ሲነሳ ደግሞ ሌላ ነገር አብሮ ይነሳል። ስፕሊት ኤሲ ከውጭ ንጹህ አየር አያስገባም፤ የቤቱን አየር ራሱን ስቦ፣ አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። በውስጥና በውጭ በሚሰቀሉት ሁለት ሣጥኖቹ መካከል በመዳብ ቱቦ የሚመላለሰው ጋዙ እንጂ አየር አይደለም። ብዙ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ይገረማል። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ በሩን ዘግቶ የሚበይድ ሰው የብየዳውን ጭስ፣ የቀለሙን ሽታ ይዞ ይቀመጣል። እንጨት ቤት ከሆነ ሰጋቱራው ማጣሪያውን በአጭር ጊዜ ይደፍነዋል። ለእነዚህ ቤቶች ባለሙያው የሚመክረው ከጣራው ሥር ሙቅ አየር የሚያወጣ ቀዳዳ፣ ትይዩ መስኮትና ጭስ መሳቢያ ቬንቲሌተር ነው። ኤሲው የሚያዋጣው በሥራ ቤቱ ውስጥ ተከልላ ለተሠራች ጠባብ ክፍል ነው፤ ኮምፒውተር፣ ማተሚያ ወይም የሞባይል መጠገኛ ጠረጴዛ ላለባት።

ከዚያ መብራቱ ይመጣል። ባለ 12,000 ቢቲዩው ሲሠራ 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠቀማል፤ ይህ ብዙ አይደለም። ችግሩ ከብየዳ ማሽኑ ጋር አንድ መስመር ሲጋራ ነው። በያጁ በነካ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኮምፕረሰሩም ይጨነቃል። ስለዚህ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ ከዚያም ስታቢላይዘር በሂሳቡ ይገባሉ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ የወሩ ክፍያም አብሮ ይሰላል።

ከፍታው ራሱም ዋጋ አለው። ነፋስ መውጫ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የውጭው ሣጥን ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው አየር ያንሳል፤ ማሽኑ ሣጥኑ ላይ የተጻፈለትን ያህል አያቀዘቅዝም። ገጠማው ላይም ወጥመድ አለ። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይሳባል። በዝቅተኛ አገር ጌጁ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይወርዳል፤ እዚህ ግን ፓምፑ ፍጹም ቢስብ እንኳ ከ20 ወይም ከ21 አያልፍም። ከባቢ አየሩ ራሱ ያለው ግፊት ያን ያህል ብቻ ነውና። ይህን ያላወቀ ልጅ ጤነኛውን ፓምፕ ተበላሽቷል ብሎ ሲፈታታ ይውላል።

በደጋው ግን ስለ ማሽኑ የሚነገር መልካም ነገርም አለ። ማቀዝቀዝም ማሞቅም የሚችለው ዓይነት ከማብረዱ ይልቅ በማሞቁ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የእንጨት ማጣበቂያው ነጭ ኮላ በብርዱ በቅጡ አይዝም። 1 ኪሎ ዋት መብራት የበላ ኤሲ ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ያህል ያስገባል፤ ተራው የመብራት ማሞቂያ ግን የበላውን ያህል ብቻ ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለውን ማሽን የጠየቀ አናጺ ለቀን ሙቀት ብቻ ከሚገዛው ይልቅ ገንዘቡን ቶሎ ይመልሳል። ማጣበቂያ ክፍሏን ከለያትና ከሰጋቱራ ከጠበቃት ነው ታዲያ።

የቀረው የሰውና የመንገድ ወጪ ነው። ቫኪዩም ፓምፕና ጌጅ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለእጥበትና ለጋዝ ፍተሻ ይመለሳል ብሎ መተማመን ከብዷል። ስለዚህ ባለሙያው ማጣሪያውን ማጠብና የውጭውን ሣጥን ከአቧራ መጥረግ ለባለቤቱ አሳይቶ ይሄዳል።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ማሽኑም፣ መዳቡም፣ ጋዙም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ የፕሮፎርማ ዕድሜ አጠረ። ባለሙያው አሁን ሂሳቡን ሁለት ቦታ ከፍሎ ይጽፋል፦ ኮርኒስ፣ ገመድ፣ ገጠማና ጉዞ በአንድ ወረቀት፣ ማሽኑ በሌላ። ደንበኛው መጀመሪያ ኮርኒሱን አሠርቶ አንድ ሁለት ሳምንት ይሠራበታል። ከዚያ በኋላም ኤሲውን ከፈለገ በዚያን ቀን ዋጋ ይገዛል፤ አንዳንዱም ሁለተኛውን ወረቀት ይዞ አይመለስም።