የሥራ አባት የሌለው ሰው

ቀድሞ ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረና፣ ሥራ በያዘ በሦስተኛው ሳምንት ሊጠይቀኝ መጣ። የደመወዙን ማነስ ያነሣል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ ሥራውስ አልከበደኝም፤ የቸገረኝ ማንን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አለማወቄ ነው» አለኝ። ደብዳቤ ለማን ይመራል፣ በስብሰባ ላይ መቼ ይናገሩታል፣ ለዕድገትስ የትኛው ትምህርት ይጠቅማል? ይህ ሁሉ እኔ ካስተማርሁት መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ከቤተ ዘመዱም ከእርሱ በፊት ቢሮ የገባ የለም።

ልጁ ከሄደ በኋላ ስለ ነገሩ ሳስብ፣ ይህንኑ ችግር ለማቃለል ብለው ማኅበር ያቋቋሙ ሰዎች ትዝ አሉኝ። ሰዎቹ በአሜሪካ «ላቲኖ» የሚባሉት፣ ማለት ከሜክሲኮ፣ ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከመሰሎቻቸው አገሮች የመጡ ወይም ከነዚያ ዘር የተወለዱ ናቸው። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቁጥራቸው ከ62 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።) ከነርሱም መካከል ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ገና የሜክሲኮ ግዛት ሳሉ ጀምሮ ቅድመ አያቶቻቸው እዚያው የኖሩ አሉ። ሆኖም ለብዙ ዘመን ልጆቻቸው በእርሻና በፋብሪካ እንጂ በባንክና በሒሳብ ቢሮ እምብዛም አይታዩም ነበር።

በ1972 በሎስ አንጀለስ ከተማ ጊልበርት ቫስኬዝ የሚባል የሒሳብ ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንድ ማኅበር መሠረተ። ስሙ ረዥም ነው፤ «የእስፓኝ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ የተመሰከረላቸው የሒሳብ ዐዋቂዎች የአሜሪካ ማኅበር» ይባል ነበር። ከሙያዎች ሁሉ የሒሳብ ሰዎች መቅደማቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በዚያ አገር አንድ ሰው የሒሳብ መርማሪነት ፈቃድ እንዲሰጠው ከባድ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ነገር ግን ፈተናውን ማለፉ ብቻ አይበቃውም። ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ሆኖ መሥራትና ያም ባለሙያ ስለ ሥራው እንዲመሰክርለት ያስፈልጋል። እንግዲህ ሥሩ የሚያስጠጋው ሰው ያላገኘ ልጅ፣ ፈተናውን በከፍተኛ ማዕርግ ቢያልፍም እንኳ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። አስጠጊውም ብዙ ጊዜ የሚያስጠጋው የሚያውቀውን፣ ወይም የራሱን ልጅነት የሚያስታውሰውን ነው። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ከዚህ ወዲያ ሌሎችም ተከተሉ። በ1974 በዚያችው ከተማ ማዘጋጃ ቤት ይሠሩ የነበሩ መሐንዲሶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1979 ነጋዴዎቹ አገር አቀፍ የንግድ ምክር ቤት መሠረቱ፤ በ1988 ደግሞ በንግድ አስተዳደር ከፍተኛ ዲግሪ የተቀበሉት ተደራጁ። የሒሳብ ሰዎቹም ማኅበር በኋላ ዘመን ስሙን ለውጦ የልዩ ልዩ ሙያ ሰዎችን የሚቀበል ሆነ፤ በየዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ቅርንጫፍም አለው። ተማሪው ገና ሳይመረቅ ከባለሙያ ጋር ይተዋወቃል፤ የሥራ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ በቃለ መጠይቅ ጊዜ እንዴት እንደሚቀርቡ፣ ደመወዝ ሲነገረው ዝም ብሎ መቀበል የሌለበት መቼ እንደ ሆነ ይነገረዋል።

ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በአሪዞና በቱሳን ከተማ በ1894 የተመሠረተ አንድ የመረዳጃ ማኅበር ነበራቸው፤ አባል ሲሞት ለቀብሩና ለቤተ ሰቡ ገንዘብ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የኛ ሰው ቢያየው ዕድር ነው ይለው ነበር። ሜክሲኮዎች «ታንዳ» የሚሉትም አለ፤ በየጊዜው ገንዘብ አዋጥተው በተራ የሚወስዱት ነው። ይህንን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። የክርስትና አባትንም «ፓድሪኖ» ብለው ይጠሩታል፤ በሥራ ዓለም ለሚያስጠጋና ለሚደግፍ ሰውም ይኸው ስም ይሰጠዋል።

ሮማና አኮስታ ባኙዌሎስ በአሪዞና በ1925 ተወለደች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ የኢኮኖሚው ውድቀት በበረታበት ጊዜ፣ ሜክሲኮዎች ከአሜሪካ እንዲወጡ ሲገደዱ ገና ሕፃን ሳለች ከወላጆቿ ጋር ወደ ሜክሲኮ ሄደች፤ የአሜሪካ ዜጋ መሆኗ አላዳናትም። ካደገች በኋላ ተመልሳ፣ በ1949 በሎስ አንጀለስ በ400 ዶላር መነሻ የቶርቲላ፣ ማለት የበቈሎ ቂጣ፣ መጋገሪያ ከፈተች፤ በጅምሩ የረዳቻት አክስቷ ናት። ቂጣው ፋብሪካ ሆነ። በ1960ዎቹ ዓመታት ከሌሎች ጋር ተባብራ፣ ለሜክሲኮ ተወላጆች የሚያበድር ባንክ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ አቋቋመች። በ1971 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሹም ሆነች። ከዚያ እስከ 1974 ድረስ በሹመቷ ላይ ስለ ነበረች ፊርማዋ በዶላር ኖት ላይ ታትሞ ወጥቷል። ሹመቷ ገና ሳይጸድቅ ፋብሪካዋ ተፈትሾ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ተገኝተውባት ጋዜጦቹ አውርተውባታል፤ ያም ሆኖ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሹመቷን አጸደቀ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህስ በዘመድ መሥራት አይደለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። እኔም ጠይቄአለሁ። ልዩነቱ የሚታየኝ እንዲህ ነው፤ ዘመድ ያልተገባውን ወንበር ይሰጥሃል፤ የሥራ አባት ግን ወንበሩ የት እንዳለ ያሳይህና ፈተናውን ራስህ እንድትፈተን ይተውሃል። ድንበሩ ግን ቀጭን መሆኑን አልክድም። ከፍ ካለ ቦታ የደረሱት ላቲኖዎች ጥቂት በነበሩበት ጊዜ ለወገን ያደላሉ የሚል ሐሜት ያሠጋቸው ነበር፤ ሁሉም ልጅ ወደ እነርሱ ሲጐርፍ ደግሞ ጊዜ አይበቃቸውም። የማኅበር ስብሰባ ስም የታተመበት ካርድ መለዋወጫና የግብዣ ቦታ ብቻ ሆኖ ሊቀርም ይችላል።

የሥራ አባት ደግሞ የግድ የአገር ልጅ መሆን የለበትም። ሮቤርቶ ጎይዙዌታ ኩባዊ ነው። በ1954 በሐቫና ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ አይቶ ነው በኮካ ኮላ ኩባንያ በኬሚካል መሐንዲስነት የተቀጠረው። ከአብዮቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ሲሰደድ የያዘው 40 ዶላርና የኩባንያውን 100 አክሲዮን ነበር። በአትላንታ ሲሠራ የኩባንያው ታላቅ ሰው ሮበርት ዉድረፍ ወደደው፤ ዉድረፍ የጆርጂያ ተወላጅ፣ በዕድሜም ከአባቱ የማያንስ ሽማግሌ ነበሩ። ጎይዙዌታ ምሳ አብሯቸው እየበላ ከሽማግሌው አንደበት ስለ ኩባንያው ተማረ፤ በ1981ም ዋናው ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1997 እስኪሞት ድረስ የኩባንያው ዋጋ ከ4 ቢሊዮን ዶላር ተነሥቶ ወደ 150 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ። የሥራ አባት ያለው አይሳሳትም ማለት ግን አይደለም፤ በ1985 የመጠጡን ጣዕም ለውጦ ሕዝቡ ቢጮኽበት፣ ሦስት ወር ሳይሞላ የቀድሞውን መልሶ ለገበያ አውጥቷል።