መልስ ያልመጣለት ጥሪ፦ የርቀት አገልግሎትን በኤፒአይ ስለ መጥራት



የዛሬው ንግግሬ አንድ ፕሮግራም ሌላ ቦታ የሚገኝ አገልግሎትን በኔትወርክ እንዴት እንደሚጠራ ይመለከታል። ምሳሌዬን ከሉማሜ እወስዳለሁ። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የአዋበል ወረዳ ከተማ፣ አንድ የእህል ነጋዴ የጤፍ ዋጋ 5,000 ብር ለገበሬው በቴሌብር ይከፍላል እንበል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ያስጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው።

በነጋዴው ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ራሱ ገንዘብ አያንቀሳቅስም፤ ሩቅ ላለ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል እንጂ። ጥያቄው በምን መልክ እንደሚቀርብ፣ መልሱም በምን መልክ እንደሚሰጥ የሚወስነውን ውል ኤፒአይ እንለዋለን።

ችግሩ የሚጀምረው ኔትወርክ ሲቋረጥ ነው። መልስ ካልመጣ፣ ጥያቄው ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ደርሶና ተፈጽሞ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ጠሪው ሁለቱን መለየት አይችልም። ደግሞ ቢልክ ነጋዴው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ነው፤ ቢተወው ገበሬው ጤፉን አስረክቦ ባዶ እጁን ሊመለስ ነው።

አንድሩ ቢሬልና ብሩስ ኔልሰን በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ርቀት ጥሪ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ጥሪ የራሱ መለያ እንዲኖረውና ተጠሪው የተደገመውን ጥሪ በመለያው እንዲያውቀው አድርገዋል። ለክፍያም መፍትሔው ይኸው ነው። መተግበሪያው ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ልዩ ቁጥር አውጥቶ ይመዘግባል፤ መልስ ካጣም በዚያው ቁጥር ደግሞ ይልካል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ቀድሞ ካስተናገደው፣ ገንዘቡን እንደገና ሳያስተላልፍ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል።

ሁለት ነገሮች ግን ሊዘነጉ አይገባም። መተግበሪያው በድጋሚው አዲስ ቁጥር ካወጣ ጥበቃው ከንቱ ነው። ሰርቨሩም የቁጥሩን ምዝገባና የገንዘቡን ዝውውር አንድ ላይ መፈጸም አለበት፤ አንዱ ሆኖ ሌላው ከቀረ፣ ክፍያው ወይ ይደገማል ወይ ሳይፈጸም እንደተፈጸመ ይቆጠራል።

ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ መልስ ባልመጣ ጊዜ «ክፍያው አልተሳካም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያን አታውቁምና። «ክፍያው ገና አልተረጋገጠም» በሉ፤ ከዚያም በዚያው ቁጥር ሰርቨሩን ጠይቁ። ነጋዴው ዳግመኛ ለመክፈል የሚጣደፈው፣ ገበሬውም የሚጠራጠረው፣ ስልኩ ያላረጋገጠውን ነገር እንደ እውነት ሲነግራቸው ነው።