ደም የሚበላው ማነው?

 

የቫምፓየር ፊልም በየዶርሙ ይታያል። በብራም ስቶከር «ድራኩላ» (1897) ደም መጣጩ ጨካኝ ገዳይ ነበር። በ2008 የወጣው «ትዋይላይት» ፊልም ግን የእንስሳ ደም ብቻ የሚጠጣ «ጨዋ» ቤተሰብ አመጣ። በሌሎች ታሪኮች ደግሞ ሰውየው ራሱ ፈቅዶ ደሙን ይሰጣል። ታዲያ ፈቃድ ካለ ምን ችግር አለው?

በዲናችን የሚፈስ ደም የእንስሳም ቢሆን ምግብ አይደለም (አል-አንዓም 145)። አካላችንም የአላህ አማና ነው፤ «ፈቅጃለሁ» ማለት ብቻውን ሐራሙን ሐላል አያደርግም። የተቸገረ ሰው ነፍሱን ለማትረፍ ያህል ይፈቀድለታል (አል-በቀራ 173)። ይሁንና ፉቀሃዎች እንዳስቀመጡት ችግር የሌላውን ሐቅ አይሽርም፤ «ርቦኝ ነው» ብሎ ንጹሕ ሰው መግደል የለም። ደም መለገስ ከዚህ ይለያል። ሰጪውን ሳይጎዳ፣ ሳይሸጥ፣ የታመመን ሰው ስለሚያድን በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ፈቅደውታል።

የእኛ አገር ደም መጣጭ ግን ፊልም ላይ አይደለም። በጎጃም «ቡዳ በላው» ሲባል ጣት የሚቀሰረው በአብዛኛው በእጅ ባለሙያው ላይ ነው፦ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው። በንጉሡ ዘመን ርስት ያልነበራቸው ብዙ ሙስሊም አባቶቻችን በሽመናና በንግድ ይተዳደሩ ነበርና ይህ ስድብ እኛንም ያውቀናል። ጋብቻ ያፈርሳል፣ ማዕድ ይለያል፣ የታመመውንም ልጅ ከጤና ጣቢያ ያዘገያል።

«ዓይን እውነት ነው አልተባለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ በሐዲስ ተነግሯል። ነገር ግን ዓይን ከማንም ሰው፣ ከወዳጅም ጭምር ሊመጣ ይችላል፤ የአንድ ዘር ወይም የአንድ ሙያ ነው አልተባለም። ያስደነቀንን ስናይ በበረካ ዱዓ እንድናደርግ ታዘናል። ብረትን የገራለትና ጥሩር መሥራትን ያስተማረው ነቢዩ ዳውድን (ዐ.ሰ) አላህ ነው፤ እርሳቸውም ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ታዲያ ቀጥቃጭነት እንዴት ነውር ይሆናል?

ሱረቱል ሑጁራት 12 ከጥርጣሬ አስጠንቅቆ፣ ሰውን የሚያማን የሞተ ወንድሙን ሥጋ ከሚበላ ጋር ያመሳስለዋል። እንግዲህ ሰው የሚበላው ማን እንደሆነ እናስተውል፤ በእጁ ሠርቶ የሚያድረው ሳይሆን ስሙን የሚያጠፋው ነው።

በካፌም በዶርምም «ከእሱ ጋር አትብላ» የሚል ከመጣ፣ መልሳችን ቢስሚላህ ብሎ አብሮ መቁረስ ይሁን።