በተማሪዎች ኳስ ሜዳ ስለሚነፋ ጥሩንባና ፊሽካ

በካቺሲና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲጋጠሙ፣ ሕዝቡ በሜዳው ዳር ቆሞ በከበሮ፣ በጭብጨባና በዜማ ልጆቹን ማበርታቱ የተገባ ደስታ መሆኑን፣ በዳኝነት ሙያ እንደ ኖረ ሰው በፍጹም ልቤ እመሰክራለሁ፤ ነገር ግን ድምፅም ሥርዓት ያለው ስለ ሆነ ሕጉን ማስረዳት ግዴታዬ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ፊሽካ ነው። ተከላካዩ ከኋላው ፊሽካ ሰምቶ ዳኛው ያስቆመ መስሎት እግሩን ሲገታ፣ አጥቂው ግን ገሥግሦ ኳሷን ከመረብ ሲያገናኝ፣ የነፋው ተመልካች ሆኖ ቢገኝ ፍትሕ ይጓደላል፤ ስለዚህም የጨዋታው ዓለም አቀፍ ሕግ በ5ኛው ክፍሉ፣ የተመልካች ፊሽካ ጨዋታውን ያወከ እንደ ሆነ ዳኛው አስቁሞ፣ ኳሷን መሬት ላይ በመጣል እንዲያስጀምር ያዛል። ከበሮ የዳኛን ምልክት ስለማይመስል እንዲህ ያለ ጥፋት የለበትም።

ቩቩዜላ የተባለው የፕላስቲክ ጥሩንባ ደግሞ ከጆሮ አጠገብ ሲነፋ ድምፁ ከ110 ዴሲቤል ስለሚያልፍ መስማትን ይጎዳል፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2010 ከውድድሮቹ ከልክሎታል። የእኛም የኢትዮጵያ ቡድን ደጋፊዎች ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር በነበረው የአፍሪካ ዋንጫ ግጥሚያ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ በወጣ ጊዜ፣ ይህንኑ ጥሩንባና ጠርሙስ ወደ ሜዳ ወርውረው ጨዋታው እስከ መቋረጥ መድረሱ እጅግ ያሳዝናል።

እንግዲህ ወላጆችና ተማሪዎች ሆይ፣ ከበሮአችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጥሩንባውን ከሕፃናት ጆሮ አርቁ፤ ፊሽካውን ግን ለዳኛው ተዉለት።