ስለ ትንንሽ የውሃ ዔሊዎች አለያየትና አያያዝ

የአገና ነጋዴ ከመርካቶ ልዩ ልዩ ሸቀጥ ጭኖ ወደ እዣ ሲመለስ ለመደብሩ አዲስ ነገር ማሰቡ የቈየ ልማዱ ነው። ያ አዲስ ነገር በመስታወት ሣጥን የምትቀመጥ ትንሽ የውሃ ዔሊ ብትሆን ግን፥ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የምትሸጥለት እንስሳ ምን እንደ ሆነች ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። አያያዟ የተበላሸባት ዔሊ በአንድ ቀን አትሞትም፤ ወራት ቈጥራ ትመነምናለች እንጂ። ስለዚህም ገዢው ጥፋቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

በመጀመሪያ እግሯ ይታይ። የየብስ ዔሊ እግር እንደ ዝኆን እግር ድፍን ሲሆን የጀርባዋ ቅርፊት ጉልላት ይመስላል፤ እንዲህ ያለችዋ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብትጨመር ትሰጥማለች። የውሃዪቱ ግን ጣቶቿ በስስ ቆዳ የተያያዙ፥ ጥፍሮቿ የሾሉ፥ ቅርፊቷም ዝርግ ነው። ቀጥሎ አንገቷ ይታይ። ስትደነግጥ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ጠርዝ ሥር የምትሸሽግ ከሆነች የአፍሪካ ተወላጅ ልትሆን ትችላለች። ከእነዚህም አንደኛዋ ከአገጯ ሥር ሁለት ትንንሽ ሥጋዎች የተንጠለጠሉባት፥ የሆዷም ቅርፊት የማይንቀሳቀስ ነው፤ የዝናብ ኩሬ ሲደርቅ በጭቃ ውስጥ ተቀብራ ክረምትን ትጠብቃለች። ሁለተኛዋ የሆዷን ቅርፊት የፊት ክፍል እንደ መዝጊያ ታጥፈዋለች። አንገቷን በቀጥታ ወደ ኋላ ስባ የምታስገባ፥ ከዓይኗም ኋላ ቀይ መሥመር ያላት ብትሆን፥ አገሯ በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ ነው። በዓለም ገበያ እጅግ የተሸጠችው ይህችው ናት።

ይህች በሕፃንነቷ ከልጅ መዳፍ የማትሞላ ፍጥረት አድጋ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ልትደርስ፥ ከ20 ዓመትም በላይ ልትኖር ትችላለች። ሣፋ ለጥቂት ወራት ቢበቃት እንኳ ኋላ ሰፊ ገንዳ ያሻታል። የውሃው ጥልቀት ከቅርፊቷ ርዝመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን፥ ወጥታ የምትደርቅበትም ድንጋይ ቢኖር መልካም ነው።

በአገና ትልቁ ችግር ብርድ ነው። ዔሊ የሰውነቷን ሙቀት ከውጭ የምታገኝ እንደ መሆኗ፥ በደጋ ሌሊት ውሃው ሲቀዘቅዝ መብላት ትተዋለች፤ የበላችውም አይፈጭላትም። ለቀይ መሥመሯ ዔሊ ውሃው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማታል። ፀሐይም ያስፈልጋታል፤ ነገር ግን በመስኮት መስታወት የሚገባው ብርሃን አጥንቷን የሚያጠነክረውን ጨረር አያመጣምና፥ ጥላ ባለበት ደጅ ብታወጧት ይሻላል።

ስለ ምግቧም አንድ ነገር ይነገር። በክትፎ አገር ጥሬ ሥጋ ማቅረብ ለሁሉ እንግዳ የሚሆን ክብር ይመስላል፤ ሥጋ ብቻ የምትበላ ዔሊ ግን ካልሲየም አጥታ ቅርፊቷ ይለሰልሳል። የምድር ትል፥ ትንንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ፥ እያደገችም ስትሄድ ቅጠላ ቅጠል ይሰጣት። ዓይኗ ቢያብጥ ብዙ ጊዜ የቫይታሚን ኤ ማነስ ምልክት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የሰው ጉዳት ነው። ዔሊ ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለውን የአንጀት በሽታ ታስተላልፋለች። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ ዔሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከለችው፥ ልጆች በአፋቸው እየከተቱ ስለ ታመሙ ነው። እንግዲህ የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ገንዳውም ከማድ ቤት ዕቃ ጋር አይታጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ላለበት ቤት ባትሸጥ ይመረጣል።

ከወንዝ የተያዘችን የአገር ዔሊ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለ ዱር እንስሳት የወጣው ሕግ ፈቃድ ይጠይቃል። የውጭዪቱም ሰለቸችኝ ተብላ ወደ ዋቤ ወይም ወደ ግቤ አትጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 እንዳትገባበት ያገደው በየወንዙ እየተለቀቀች የአገሩን ዔሊ ስላስጨነቀችበት ነው። ነጋዴው ሲሸጥ ያደገችዋን መልሶ የሚረከብ መሆን አለመሆኑን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ለሁለቱም ወገን ክርክር ይቀንሳል።