የካንሰር አኃዝ ከየት ይመጣል? የዶክተር አህመዲን ጀማል የምርምር ጽሑፎችና የጤና ተቋማት መዝገብ

ስለ ካንሰር የሚጻፍ የጥናት ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የበሽታውን ስፋት በሚገልጽ አኃዝ ይጀምራል። የአኃዙን ምንጭ ለሚከታተል አንባቢ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስም የትውልደ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ የዶክተር አህመዲን ጀማል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር አህመዲን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሕክምና ከተመረቁ በኋላ በአሜሪካ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኤፒዲሚዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል። በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ባልደረባነታቸው፣ በማኅበሩ መጽሔት በየዓመቱ የሚወጣውን የአገሪቱን የካንሰር አኃዝ ዘገባ ከ2002 እስከ 2010 በመጀመሪያ ጸሐፊነት አዘጋጅተዋል። በ2011 ደግሞ ከዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ባለሙያዎች ጋር የጻፉት ጽሑፍ፣ በ2008 በዓለም 12.7 ሚሊዮን አዲስ ሕሙማን እንደነበሩና 7.6 ሚሊዮን ሰዎች በካንሰር እንደሞቱ ገመተ። ከአዲሶቹ ሕሙማን 56 በመቶ፣ ከሟቾቹም 64 በመቶ የታዳጊ አገሮች ሰዎች ነበሩ። ካንሰር የባለጸጎች በሽታ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ለመሞገት ይህ አኃዝ በቂ ነበር።

በ2018 እና በ2024 በታተሙት ተከታይ ዘገባዎች ስማቸው ከጸሐፊዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ በሕክምና ጥናት ልማድ ይህ ስፍራ በአብዛኛው ሥራውን በበላይነት ለሚመራ ተመራማሪ የሚሰጥ ነው። የ2024ቱ ዘገባ በ2022 ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ አዲስ ሕሙማንና 9.7 ሚሊዮን ሞት ገምቷል። ሆኖም የሕዝብ ብዛትና ዕድሜ ስለሚጨምር፣ የመረጃ ምንጩና የግምት ስልቱም ስለሚሻሻል፣ ሁለቱን ዘገባዎች በቀጥታ አነጻጽሮ በሽታው ይህን ያህል ጨመረ ማለት አይገባም።

የነዚህ ጽሑፎች ተጽዕኖ በመጽሔቱ መለኪያ ላይ በግልጽ ይታያል። የአንድ መጽሔት የተጽዕኖ መለኪያ የሚሰላው፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዓመቱ ውስጥ የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ተካፍሎ ነው። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር መጽሔት የ2020 መለኪያ 508.7 ነበር። ለዚህ ዋናው ምክንያት፣ መጽሔቱ በዓመት የሚያወጣቸው ጽሑፎች ጥቂት ሲሆኑ፣ የአኃዝ ዘገባዎቹን ግን ስለ ካንሰር የሚጽፍ ተመራማሪ ሁሉ በመግቢያው ስለሚጠቅሳቸው ነው። እንዲህ ያለው ተጠቃሽነት የጽሑፉን ተፈላጊነት ያሳያል፤ በውስጡ ያለው የእያንዳንዱ አገር አኃዝ እኩል አስተማማኝ መሆኑን ግን አያረጋግጥም።

በአገራችን በሕዝብ ላይ የተመሠረተ የካንሰር ምዝገባ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2011 ነው። የምዝገባው ውጤት ከሴቶች ካንሰር የጡት ካንሰር በአንደኛ፣ የማኅፀን በር ካንሰር በሁለተኛ ደረጃ እንደሚገኙ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ ግምት በአብዛኛው ያረፈው በዚሁ በአንድ ከተማ መዝገብ ላይ ነው። የገጠሩ ሕዝብ ዕድሜ፣ የወሊድ ሁኔታና የምርመራ ዕድል ግን ከዋና ከተማው ይለያል።

ለምሳሌ ከማንኩሳ አካባቢ ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ የመጣች ሴት በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ትላክ ይሆናል። በሕዝብ ላይ የተመሠረተ መዝገብ የስሌቱ መሠረት የሚያደርገው የክልሉን ነዋሪዎች ስለሆነ፣ ይህች ሴት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብትታከምም በአዲስ አበባ የካንሰር ምጣኔ ውስጥ አትቆጠርም። ለምዕራብ ጎጃምም የራሱ መዝገብ ከሌለ ከሁለቱም ወገን ትቀራለች። ከሪፈር በፊት በቤቷ የምትሞተው ደግሞ ጭራሹን አትታወቅም።

በዚህ ረገድ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ባለሙያ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። በካርዱና በሪፈር ወረቀቱ ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ እስከ ቀበሌ ድረስ ቋሚ አድራሻ፣ እብጠቱ የተነሣበት የአካል ክፍል፣ ምርመራው የተደረገበት ቀን፣ እንዲሁም ካንሰር መሆኑ በክሊኒካዊ ምርመራ፣ በመርፌ በተወሰደ ናሙና ወይም በቲሹ ምርመራ መታወቁ በግልጽ ይጻፍ። «ዕጢ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ካርድ፣ ወይም ታካሚዋ ያረፈችበትን የዘመድ ቤት እንደ መኖሪያዋ የመዘገበ ወረቀት፣ ቆጠራውን ያዛባል።

የዶክተር አህመዲንና የባልደረቦቻቸው ስሌት የሚሠራው በሚደርሰው መረጃ ነው። የምዕራብ ጎጃም ሕሙማን በዚያ ስሌት ውስጥ ስፍራ የሚኖራቸው፣ መጀመሪያ የተመረመሩበት ክፍል በትክክል ሲመዘግባቸውና መዝገቡም ሲሰበሰብ ነው። መድኃኒት፣ የጨረር ሕክምናና የሠለጠነ ባለሙያ የሚመደበውም በዚሁ አኃዝ ልክ ነውና፣ ያልተቆጠረ ሕመምተኛ የሚያጣው ብዙ ነው።