ጾምና ሩጫ፦ ትንፋሽ ሳይጠፋ፣ ጾም ሳይጎዳ

ረመዳን ሲገባ ከወጣቶች በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አለ። «ሼኻችን፣ ዓመቱን ሙሉ ሮጬ ያገኘሁት ትንፋሽ በአንድ ወር ሊጠፋብኝ ነው፤ እየጾምኩ ብሮጥ ችግር አለው?» ይላሉ። እናቶች ደግሞ «ልጄ በባዶ ሆዱ እየሮጠ ራሱን ሊጥልብኝ ነው፤ ይምከሩልኝ» ይሉኛል። የሁለቱም ሐሳብ ተገቢ ስለሆነ መልሱን አብረን እንየው።

ሩጫ በራሱ ጾምን አያበላሽም፤ ማላብና መጠማትም አያስፈታም። ሰውነት አላህ የሰጠን አማና ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር መሽቀዳደማቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ነገር ግን የረመዳን ጾም ፈርድ፣ የመዝናኛ ሩጫ ደግሞ ሙባሕ ነው። ለሙባሕ ብሎ ፈርድን አደጋ ላይ መጣል አይገባም። በቀትር ፀሐይ እስኪዝል ሮጦ ጾሙን የሚፈታ ሰው እንደ መንገደኛ ወይም እንደ ሕመምተኛ ምክንያት አለኝ ማለት አይችልም። ይህም ሆኖ አንዴ ሕይወቱ ወይም ጤናው ለአደጋ ከተጋለጠ ወዲያው ውኃ ይጠጣ፤ ቀኑን በኋላ ቀዷ ያወጣል። ነፍስን ማጥፋት ጾም አይባልም።

ትንፋሽ የሚገነባው በወራት ልምምድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ካልተቋረጠ በአንድ ወር አይጠፋም። ስለዚህ የረመዳን ዓላማ ያለውን መጠበቅ እንጂ መጨመር አይሁን። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ዝግ ያለ ሩጫ ይበቃል። ልኩን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም፤ እየሮጡ ከጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ራሱ ይፈትናል። የእንጦጦ ዳገትና የፍጥነት ልምምድ ከዒድ በኋላ ይደርሳሉ።

ሰዓቱን መምረጥ ከሁሉ ይበልጣል። ከፈጅር በኋላ የሚሮጥ ሰው ጥሙን ቀኑን ሙሉ ይሸከማል። ለዝግታው ሩጫ የሚመቸው ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ነው፤ ሩጫው ሲያበቃ አዛኑ ይደርሳልና። ጠንከር ያለ ልምምድ የግድ ከሆነ ቀለል ያለ ኢፍጧር በልቶ፣ ተራዊሕ ሰግዶ ይሁን። ለሩጫ ሲባል ተራዊሕን መተው ግን ወሩን አለማወቅ ነው።

ማዕዱም ያግዛል። በቴምርና በውኃ አፍጥሮ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ከዚያ ሾርባና ዋና ምግብ መብላት ሆድን አያስጨንቅም። ሳምቡሳ ሆድ ሞልቶ መሮጥ ግን ጎንን ይወጋል። ውኃ በሌሊቱ ውስጥ ተከፋፍሎ ይጠጣ፤ ሰሑር ላይ በአንዴ የተጋተ ውኃ ቶሎ ይወጣል። በረካ ያለበትን ሰሑር አትዝለሉ፤ አጃ፣ እንቁላል ወይም ፉል ረጅም ሰዓት ይይዛል። ጨው የበዛበት ምግብ ጥም ይጠራል።

አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፈን ሐሰን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የለንደን ማራቶንን ያሸነፈችው የረመዳንን ወር በልምምድ አሳልፋ፣ ዒድ በዋለ በሁለተኛው ቀን ነው። እርሷ ግን ሙያዋ ነው፤ አጠገቧም አሠልጣኝ አለ። የሰፈራችን ልጅ የእርሷን ትዕግሥት እንጂ የእርሷን ኪሎ ሜትር አይቅዳ።

የስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ማዞር፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሐሳብ መደናገር ከመጣ ሩጫው እዚያው ይቁም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ከመከልከል ይልቅ መንገዱን ጠይቋቸው። በየት በኩል እንደሚሄድ ይንገራችሁ፤ ከወንድሙ ወይም ከጓደኛው ጋር ይውጣ። አዛን መንገድ ላይ ቢደርስበት የሚያፈጥርበት ሦስት ቴምርና ትንሽ ውኃም ይያዝ።